መጀመሪያ ጠቋሚውን ጠብቁት

ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ በአካባቢ አስተዳደር ውስጥ ማጭበርበር ያየ ሁሉ ደፍሮ ይጠቁም ይላል። እስማማለሁ። ግን ድፍረት ብቻውን የት ያደርሳል? ትንሽ መሥሪያ ቤት ውስጥ እኮ ሁሉም ይተዋወቃል፣ ጨረታው ሲከፈት ማን እንደነበረ፣ ደረሰኙ በማን እጅ እንዳለፈ ስለሚታወቅ ጠቋሚው ስሙን ባይጽፍም በአንድ ቀን ይደረስበታል። ከዚያ ዝውውር ነው፣ እድገት መከልከል ነው።

እ.ኤ.አ. በ2003 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የፀረ ሙስና ስምምነት፣ አንቀጽ 33፣ በቅን ልቦና የሚጠቁሙ ሰዎችን መጠበቅን አገሮች ያስቡበት ይላል። ያስቡበት! ይሄ ነው የሚያናድደኝ። የአውሮፓ ኅብረት የ2019 መመሪያ ይሻላል፤ ጥቆማው መድረሱን በ7 ቀን ማሳወቅ፣ የተደረገውን ደግሞ በ3 ወር ውስጥ መንገር ግዴታ ነው። እሱም ቢሆን ከ10,000 ነዋሪ በታች ያላቸውን ማዘጋጃ ቤቶች አገሮች የውስጥ ጥቆማ መስመር ከማቋቋም ነፃ እንዲያደርጉ ይፈቅዳል። ሰው በጣም የሚፈራው እዚያው ሆኖ ሳለ!

ለመጠቆም የምታስቡ ካላችሁ፣ ያያችሁትን ከሰማችሁት ለዩ። ቀኑን፣ የውሉን ቁጥር፣ የገንዘቡን መጠን በዕለቱ ጻፉ፣ ማስታወሻውንም የቢሮ ኮምፒውተር ላይ አታስቀምጡ። ጥቆማውን የተጠርጣሪው አለቃ ወይም ወዳጅ ለሆነ ሰው አትስጡ። ከመሥሪያ ቤቱ ውጭ ያለ ኦዲተር ወይም እንባ ጠባቂ ካለ እዚያ ሂዱ፣ ያስገባችሁበትን ማስረጃም ተቀበሉ። መልስ ሲዘገይ የምትጠይቁት በእሱ ነው።