ረታሁ ወይስ ተረታሁ?

ባለፈው ሰሞን አራተኛ ዓመት የሕግ ተማሪ የሆነ የሰፈር ልጅ ደብረ ብርሃን ወዳለው ቢሮዬ ብቅ አለ። «ጋሼ፣ ሲቪዬን የሚያጠነክርልኝ ምን ሥልጠና ልውሰድ?» አለኝ። እስካሁን የሰበሰባቸውን ሰርተፊኬቶች በስልኩ አሳየኝ። አመራር፣ የሕይወት ክህሎት፣ ሥራ ፈጠራ። ስድስት ናቸው።

«በአማርኛ ክስ ጽፈህ ታውቃለህ?» አልኩት።

ሳቀ። የቀለድኩ መስሎታል።

የቀልድ ጥያቄ አልነበረም። እኔ ሕግ የተማርኩት ሌላ ከተማ ነው፤ የትምህርት ቤቱ ስም ይቆየን። ለኤክስተርንሺፕ፣ ማለትም ተማሪ ፍርድ ቤት ወጥቶ ለሚለማመድበት ጊዜ፣ ግን ወደ አገሬ ወደ ሰሜን ሸዋ ተመልሼ አንድ የወረዳ ፍርድ ቤት ተመደብኩ። ወሩ ታኅሣሥ ነው። የዚህን አገር የታኅሣሥ ጠዋት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ውርጩ ሣሩን አመድ አስመስሎት፣ ባለጉዳይ ሁሉ ፀሐይ ያለችበትን ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል።

በርኖስ የደረቡ አንድ አዛውንት ወረቀት ይዘው ወደኔ መጡ። «ልጄ፣ የተማርክ ትመስላለህ። ብይን ተሰጥቷል አሉኝ። ረታሁ ወይስ ተረታሁ?»

ተቀብዬ አነበብኩት። «መቃወሚያው ውድቅ ተደርጓል» ይላል። የተቃወመው ተከሳሹ ነው፤ እሳቸው ከሳሽ ናቸው። «ረትተዋል አባቴ!» አልኳቸው። መረቁኝ። እኔም ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

አጥሩ ሥር ጠረጴዛ ዘርግተው ለባለጉዳይ ክስና ማመልከቻ የሚጽፉ ራፖር ጸሐፊ ሁሉንም ይሰሙ ነበር። «ኧረ ገና ነው!» አሉ ሳቅ ብለው። «ይሄ እኮ የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያው ነው የታለፈው። ሙግቱ አሁን ነው የሚጀምረው። ምስክር ያዘጋጁ።» አዛውንቱ አንዴ እኔን፣ አንዴ ወረቀቱን አዩ። ምንም አላሉኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ነገሩን ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም። የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያን በእንግሊዝኛው «ፕሪሊሚናሪ ኦብጀክሽን» ብትሉኝ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉን ቁጥር 244 ከነንዑስ አንቀጹ እዘረግፍላችሁ ነበር። ኮርሱን ኤ ነው ያገኘሁት። በአማርኛ፣ በእጅ ጽሑፍ፣ ገበሬ እጅ ላይ ሳየው ግን አላወቅሁትም።

አምስት ዓመት በእንግሊዝኛ እንማራለን። ሃንድአውቱ እንግሊዝኛ፣ ዶርም ውስጥ ሌሊቱን የምንቸክለው እንግሊዝኛ፣ ሱፍ ለብሰን የምንንቀጠቀጥበት ምስለ ችሎት እንግሊዝኛ። ሌላው ተማሪ በ2015 የተዋወቀው የመውጫ ፈተና፣ የሕግ ተማሪ ከአሥር ዓመት በላይ ቀድሞ የለመደው፣ እሱም እንግሊዝኛ። ከዚያ ዲግሪህን ይዘህ ስትወጣ የደብረ ብርሃን ችሎት በአማርኛ ይቀበልሃል።

የሚገርመው ሕጉ ራሱ የሚለው ነው። የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ማቋቋሚያ አዋጅ ቁጥር 3/1987 የአማርኛውና የእንግሊዝኛው ቅጂ ከተለያዩ አማርኛው የበላይ ነው ይላል። እኛ ስናሰምርበት የከረምነው የበታቹ ላይ ነው። የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ፈረንሳዊው የሕግ ምሁር ሬኔ ዳቪድ በፈረንሳይኛ አረቀቀው፤ ወደ አማርኛ የመለሱት ሰዎች ብዙ ደክመውበታል። «ጭብጥ» የሚለውን ቃል እዩት፤ ችሎቱ የሚወስንበት አከራካሪ ነጥብ ማለት ነው። «ጭብጥ» ሲሉህ ነገሩ እጅህ ውስጥ ይገባል። «ኢሹ» ሲሉህ አየር ላይ ይንሳፈፋል። (ይህ የኔ አስተያየት ነው፤ ይግባኝ ይቻላል።)

አገሩ ደግሞ ሙግት የሚያውቅ አገር ነው። «በሕግ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ሕግ የሄደች ጭብጦዬ» ብሎ ያደገ ገበሬ ፊት ቆመህ ቃል ስትፈልግ ከመዋል የከፋ ነገር የለም።

እንግሊዝኛው ይቅር እያልኩ አይደለም። አንዳንድ መምህራን የሚያነሱት መከራከሪያም እውነትነት አለው፤ ተማሪው ከየክልሉ ነው የሚመጣው። ሩቅ ሳንሄድ ሰሜን ሸዋ የሚባሉት ዞኖች ራሳቸው ሁለት ናቸው። ደብረ ብርሃን በአማርኛ ይሟገታል፣ ፍቼ በአፋን ኦሮሞ። ታዲያ ሁሉም ሊሠራበት በሚያስበው ፍርድ ቤት ቋንቋ ይጻፋ! የሚያርመው አይጠፋም። ኤክስተርንሺፕ ላይ ያለ ተማሪ ፋይል ሲያመላልስና ሻይ ሲጠጣ ከሚከርም አሥር ክስ፣ አሥር መልስ፣ አምስት ይግባኝ ጽፎ ቢመለስ ምን ይጎዳል?

የሚጻፈው ደግሞ ያን ያህል ረቂቅ አይደለም። የሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 222 ክስ ምን ምን መያዝ እንዳለበት ዘርዝሮታል፤ 223 የማስረጃ ዝርዝሩን ያክላል። መጨረሻ ላይ በቁጥር 92 መሠረት እውነት መሆኑን አረጋግጠህ ትፈርማለህ። የክስ ምክንያት ከሌለው ደግሞ 231 አለልህ፤ ሳይከፈት ይዘጋል። ከባዱ ሌላ ነው። አንድ ሰው የሃያ ዓመት ቂሙን ከአያቱ ጀምሮ ሲተርክልህ ከመሃሉ ፍሬ ነገሩን መልቀም። ይሄንን የቀን ሥልጠና አይሰጥህም። ነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከል ወንበር ላይ መቀመጥ ይሰጥሃል። ራፖር ጸሐፊ አጠገብ መቀመጥም ይሰጥሃል፤ ሰርተፊኬት ባይኖራቸውም።

የክልሉ ሕግም አለ። እኔ በየቀኑ የማየው ባለጉዳይ አብዛኛው የመጣው በመሬት፣ በውርስ ወይ በፍቺ ነው። የአማራ ክልልን የገጠር መሬት አዋጅ 252/2009ን እና የቤተሰብ ሕጉን 79/1995ን ሳይገልጥ የተመረቀ ልጅ አጋጥሞኛል። ደግሞ ጎበዝ ልጅ ነው።

ለሰፈሬ ልጅ ታሪክ በቃሌ ነገርኩት። ጎረቤቱ ድንበር የገፋበት ገበሬ። «ክስ አድርገህ አምጣልኝ» አልኩት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሁለት ገጽ ይዞ መጣ። ፍሬ ነገሩ አሪፍ ነው፤ ቀኑ አለ፣ አዋሳኙ አለ፣ የይዞታ ደብተሩ በማስረጃነት ተያይዟል። የሚጠየቀው ዳኝነት ግን የለም። ገበሬው አምስት አንቀጽ ሙሉ በደሉን ተናግሮ መሬቴ ይመለስልኝ ሳይል ፈርሞ ሄዷል። ባዶውን ቦታ በቀይ ከብቤ መለስኩለት።

ትንሽ አየውና «ይሄ ሰርተፊኬት አለው?» አለኝ።

«የለውም። ሐሙስ በሦስት ሰዓት ችሎት አለኝ፤ ጃኬት ደርበህ ና።»