አውቶማቲክ ተባለ እንጂ ባለቤት የለውም

በምሠራበት ድርጅት ውስጥ ሌሊት ሌሊት የሰው እጅ ሳይነካቸው እንዲከናወኑ ለኮምፒውተሩ የሂሳብ ሲስተም የተሰጡ ሥራዎች አሉ። እነዚህ ሥራዎች ሲቆሙ ግን መቆማቸውን የሚያውቅ፣ የሚጠየቅበት፣ ጠዋት ገብቶ «ዛሬስ ሄዷል ወይ?» ብሎ የሚመለከት አንድም ሰው የለም። ጉዳዩን በስብሰባ አንሥቼ፣ በደብዳቤ ጽፌ፣ በቃልም ለምኜ መልስ ስላጣሁ እዚህ እጽፈዋለሁ። የድርጅቱንም ሆነ ሲስተሙን የሸጠልንን ኩባንያ ስም አልጠራም፤ በጅማ በሌሎች ድርጅቶች ሂሳብ ክፍል ከሚሠሩ ጓደኞቼ የምሰማው ያው የኛው ታሪክ ስለሆነ ስም መጥራቱ ለማንም አይጠቅምም።

ድርጅታችን ከጎማ፣ ከጌራ፣ ከማናና ከሊሙ ኮሳ እሸት ቡናና ጀንፈል (ከነገለፈቱ የደረቀ ቡና) ከአቅራቢዎች ይረከባል። በየጣቢያው የተመዘነው ቡና ቀን ቀን በደረሰኝ ቁጥር ወደ ሲስተሙ ይገባል። ሌሊት ደግሞ ጆብ ብለን የምንጠራቸው ሥራዎች ተራ በተራ ይነሣሉ፤ አንዱ የቀኑን ርክክብ በየአቅራቢው ይደምራል፣ ሌላው ቀደም ሲል የተሰጠውን ቅድመ ክፍያ ይቀንሳል፣ ቀጥሎ ያለው የመጋዘኑን ሂሳብ ያስተካክላል፣ የመጨረሻው ጠዋት ለባንክ የሚላከውን የክፍያ ዝርዝር አዘጋጅቶ ያሳድራል። በየወሩ ደግሞ የደመወዝና የእርጅና ቅናሽ ስሌት አለ። በሚሠሩበት ጊዜ በእውነት ትልቅ እፎይታ ናቸው፤ ቀድሞ በመኸር ወራት የሂሳብ ሠራተኛ እስከ እኩለ ሌሊት ደረሰኝ ሲደምር ያመሽ ነበር። ወደ ወረቀት እንመለስ የሚል ሐሳብ በፍጹም የለኝም።

የሚያንገበግበኝ ዝምታው ነው። ጆብ ሲቆም ምንም የሚታይ ነገር የለም። ስክሪኑ እንደ ወትሮው ይከፈታል፣ አዲስ ደረሰኝ ይቀበላል፣ ሪፖርት ይታተማል፤ ሪፖርቱ ላይ ያለው አኃዝ ግን የትናንት ወይም የትናንት በስቲያ ነው፤ ያንን ደግሞ ወረቀቱ አይናገርም። የክፍያ ዝርዝሩ ባዶ ሆኖ ሲገኝ ሲስተሙ ያለው «የሚከፈል የለም» ነበር። ስሌቱ አለመሠራቱንና የሚከፈል አለመኖሩን በአንድ ዓይነት ቃል የሚናገር ሲስተም ለሂሳብ ሰው ከማንኛውም ብልሽት የከፋ ነው፤ ተበላሽቷል ቢል ኖሮ እኛም በእጃችን እንደምራለን፣ አቅራቢውም አይጉላላም።

በቡና ሥራ ውስጥ የአንድ ቀን መዘግየት ምን እንደሚያደርግ ጅማ ያደገ ሰው ያውቀዋል። ቀይ እሸት ቡና በተለቀመበት ዕለት መፈልፈል አለበት፤ ሳይፈለፈል ካደረ መፍላት ይጀምርና ጥራቱ ይወርዳል። አቅራቢው ደግሞ ለለቃሚ የሚከፍለው በዕለቱ ነው፤ እኛ ጠዋት የምንልክለት ገንዘብ ከሰዓት በኋላ በለቃሚዎች እጅ ይገባል። ክፍያው የቆመ ጊዜ በመስኮቱ ፊት የቆሙ አንድ አዛውንት አቅራቢ «ልጄ፣ ቡናዬን መዝናችሁ ተረክባችኋል፤ ደረሰኙም ይኸው። ገንዘቤ ዛሬ ካልመጣ ለቃሚዎቼ ነገ ወደ ሌላ ሰው ማሳ ይሄዳሉ» አሉኝ። እኔም «አባቴ፣ ይታገሡኝ፣ ሲስተሙ ነው» ከማለት በቀር የምመልሰው አልነበረኝም። ሰውየው ከሌሊት ጀምረው መንገድ የወጡ ናቸው። ቡናቸውን በሙሉ ልብ ለሰጡን ሰው ይህ መልስ አይገባም፤ ብሶቴም ከዚህ ይጀምራል።

ጆቡ ለምን እንደቆመ ሲጣራ የተገኘው ምክንያት ይበልጥ አናደደኝ። ሥራዎቹ ሁሉ የተዘጋጁት ከድርጅቱ በለቀቀ አንድ ባልደረባ የተጠቃሚ ስም ነበር። የሰው ኃይል ክፍሉ ሰውየው ሲለቅ ለአይቲ አሳወቀ፤ አይቲም በደንቡ መሠረት አካውንቱን ዘጋ። ሁለቱም ትክክለኛ ሥራ ሠርተዋል። ያን ሌሊት ግን በእርሱ ስም ይሄድ የነበረው ሁሉ አብሮት ቆመ። ይህ የኛ ሲስተም ብቻ ጠባይ አይደለም፤ ለምሳሌ ቢዝነስ ሴንትራል በሚባለው የማይክሮሶፍት የሂሳብ ሲስተም ውስጥም እንዲህ ያለ ሥራ የሚሄደው «ዝግጁ» ብሎ ባስነሣው ተጠቃሚ ስምና ፈቃድ ነው፤ የዚያ ሰው አካውንት ከተዘጋ ሥራው ስህተት ላይ ይወድቃል፤ ከወደቀም በኋላ የተፈቀደለትን የሙከራ ብዛት ጨርሶ ሰው እስኪያነሣው ድረስ እዚያው ይተኛል። ስለዚህ ጥያቄው ቀላል ነበር፤ አንድ ሠራተኛ ሲለቅ ቁልፍና ላፕቶፕ እንደሚያስረክብ ሁሉ በስሙ የሚሄዱትን ጆቦች ለምን አያስረክብም? በክሊራንስ ቅጹ ላይ እንዲህ የሚል መስመር የለም። እንዲጨመር ጠይቄ «ቅጹ በማኔጅመንት የጸደቀ ስለሆነ ይቆየን» ተባልኩ።

ቀጥሎ መብራቱ አለ። ጊልጌል ግቤ አንድን የሚያህል 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ጣቢያ ከኛ ብዙም በማይርቅ ስፍራ ቢኖርም በከተማችን መብራት ሌሊት መጥፋቱ አዲስ ነገር አይደለም፤ ሲስተሙ ያለበት ዋና ኮምፒውተር፣ ማለትም የሰርቨሩ፣ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚተካው ባትሪ) የሚይዘው ለአጭር ጊዜ ነው፤ ጄኔሬተሩን የሚያስነሣው ጥበቃው ሲሆን እርሱም ሰርቨር ስለሚባል ነገር የነገረው የለም። ሊኑክስ በሚባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም በሚሠሩ ሰርቨሮች ላይ ሥራን በሰዓቱ የሚያስነሣው ክሮን የሚባለው ፕሮግራም ደግሞ ማሽኑ ጠፍቶ ያለፈውን ሰዓት መልሶ አያካክስም። ለሌሊቱ 8 ሰዓት የተቀጠረ ሥራ በዚያ ሰዓት ማሽኑ ከጠፋ፣ መብራት በ9 ሰዓት ቢመጣም ሥራው እስከ ሚቀጥለው ሌሊት አይነሣም። ያመለጠውን ማሽኑ ሲበራ እንዲያስነሣ አናክሮን የሚባል ሌላ ፕሮግራም አለ፤ ሲስተምዲ በሚባለው የሊኑክስ የሥራ አስተዳዳሪ ፕሮግራም ውስጥም ለዚህ የሚሆን ማስተካከያ አለ። ሁለቱም ያለ ክፍያ የሚገኙ ናቸው። ገንዘብ የማይጠይቅ መፍትሔ እያለ እኛ ዘንድ ግን መብራት በጠፋ ማግስት ሁሉ በግምት መሥራት ልማድ ሆኗል።

ከዚህ የሚብሰው ጆቡ መሐል ላይ እያለ መብራት ሲጠፋ ነው። ሥራው ሲጀምር «በሂደት ላይ» ብሎ ምልክት ያደርጋል፤ ማሽኑ ድንገት ሲጠፋ ምልክቱን የሚያነሣ አይኖርም። በሚቀጥለው ሌሊት ሲስተሙ ምልክቱን አይቶ «ሥራው ገና አላለቀም» በማለት ሁለተኛውን አያስነሣም፤ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ስክሪኑን የሚያይ ሰው «በሂደት ላይ» የሚለውን አንብቦ ሁሉ ደኅና ነው ብሎ ያልፋል። አንድ ሥራ በደኅና ጊዜ የሚፈጅበት ሰዓት እየታወቀ፣ ከዚያ እጥፍ ሲያልፍ «ይህ ነገር ሞቷል» የሚል ማንቂያ አለማስቀመጥ ምን ይባላል?

ስለ ሰዓትና ስለ ቀን አቆጣጠር ደግሞ ልናገር፤ ምክንያቱም ይህንን ውጭ ያለ ባለሙያ አያውቅልንም፣ እኛው ካልተናገርን። ሲስተሙን ያቆሙልን ሰዎች የሰርቨሩን ሰዓት በዓለም አቀፉ ሰዓት ላይ ትተውታል፤ እርሱ ከኛ በሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ነው። የኛ ሰው ደግሞ የሌሊቱን 8 ሰዓት አስቦ «8:00» ብሎ ሞላ። ሰርቨሩ የተረዳው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ የሚቆጠረውን የራሱን 8 ሰዓት ነው፤ ይህም ሦስቱ ሰዓት ሲጨመርበት በኛ ከረፋዱ 5 ሰዓት ይሆናል። በዚያ ሰዓት ጣቢያዎቹ ሁሉ ደረሰኝ የሚያስገቡበት፣ በመስኮቱ ሰልፍ የሚረዝምበት ነው። ትልቁ የሌሊት ስሌት በቀን እየተነሣ ሲስተሙን ሲያጎትተው ሁላችንም «ኔትወርክ ነው» እያልን ከረምን።

የወር መጨረሻውስ? እኛ ደመወዝ የምንከፍለው በኢትዮጵያ ወር ነው፤ የበጀት ዓመታችንም የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው። ክሮን የሚያውቀው ደቂቃ፣ ሰዓት፣ የወሩን ቀን፣ ወርና የሳምንቱን ቀን ብቻ ሲሆን ሁሉም በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። «በየወሩ በ30ኛው ቀን» ብለው ቢያዝዙት የፈረንጆቹን 30 ይወስዳል፤ በፌብሩዋሪ ደግሞ 30 ስለሌለ ጭራሽ አይነሣም። «እንግዲያው የኛን ወር መጨረሻ ወደ ፈረንጅ ቀን ለውጠን እናስገባው» ያለ ባልደረባ ነበር፤ እርሱም አይሆንም። ጥቅምት 30 ዘወትር ኖቬምበር 9 ላይ ሲውል ጳጉሜን 6 በሆነች ማግስት በመጣው በ2016 ዓ.ም. ግን ኖቬምበር 10 ላይ ውሏል። መፍትሔው ግልጽ ነው፤ ጆቡ በየቀኑ ይነሣ፣ መጀመሪያ ዕለቱን ወደ ኢትዮጵያ ቀን ለውጦ ይመልከት፣ 30 ካልሆነ ወይም ወሩ ጳጉሜን ከሆነ ምንም ሳይነካ ይመለስ። ለአንድ ፕሮግራመር ከግማሽ ቀን በላይ የማይፈጅ ሥራ ነው። ይህንን ለሻጩ ኩባንያ ስንጽፍ «ተጨማሪ ማሻሻያ ስለሆነ ለብቻው ይከፈልበታል» የሚል መልስ መጣ። በኢትዮጵያ ውስጥ ለኢትዮጵያ ድርጅት የተሸጠ የሂሳብ ሲስተም የኢትዮጵያን ወር ማወቁ እንደ ማሻሻያ ሊቆጠር አይገባም ባይ ነኝ።

ሌላው ነገር የጊዜ ገደብ ነው፤ ይህም ችግሩ ለምን ሁልጊዜ በመኸር እንደሚመጣ ያስረዳል። ብዙ ሲስተሞች አንድ ጆብ ከተወሰነ ጊዜ በላይ ከቆየ ያቋርጡታል። ኢአርፒኔክስት የሚባለው የድርጅቶች ሂሳብ ሲስተም የተሠራበት ፍራፔ የሚባል ሶፍትዌር፣ ካልተለወጠ በስተቀር፣ ለተራ ሥራ 300 ሰኮንድ፣ ለረጅም ሥራ 1500 ሰኮንድ ይሰጣል። በክረምት ደረሰኙ ጥቂት ስለሆነ የኛ ስሌት ከገደቡ በታች ያልቃል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ደረሰኙ ሲበዛ ያው ስሌት ከገደቡ ያልፍና ይቆረጣል። ሲስተሙን የፈተኑት በነሐሴ ነበር። በነሐሴ የተፈተነ የቡና ሲስተም ለኅዳር ይበቃል ብሎ የፈረመ ሰው ወደ ማሳው ወርዶ አያውቅም ማለት ነው።

በዚህ ሁሉ ጊዜ የሚሰጠን ምክር አንድ ነው፤ «ሪስታርት አድርጉትና እንደገና አስነሡት»። ምክሩን የሰጡን ሰዎች ጆቡ የት ላይ እንደተቆረጠ አልጠየቁም። የክፍያው ግማሽ ለባንክ ተልኮ ነበር፤ እንደገና ሲነሣ የተከፈላቸው ሰዎች ድጋሚ ተከፈላቸው። ከዚያ በኋላ የሆነውን መናገር ያሳፍራል፤ የድርጅቱ ሠራተኞች ወደ አጋሮ ተልከው አቅራቢዎችን «የበዛውን መልሱልን» ብለው ጠየቁ። አንዳንዱ ገንዘቡን ለለቃሚና ለትራንስፖርት አውጥቶታል፤ ከሚቀጥለው ክፍያ ይቀነስ ተብሎ ሌላ ጭቅጭቅ ተከፈተ። ገንዘብ የሚነካ ጆብ ሁለት ጊዜ ቢነሣም ውጤቱ አንድ ጊዜ እንደተነሣ መሆን አለበት፤ እያንዳንዱ ክፍያ ከደረሰኙ የሚወጣ የማይደገም ቁጥር ይዞ ቢሄድ፣ ሲስተሙም ያንን ቁጥር ሁለተኛ ጊዜ ሲያይ አልቀበልም ቢል፣ ይህ ሁሉ ባልሆነ ነበር። በሶፍትዌር ሙያ ውስጥ ይህ የቆየና የታወቀ አሠራር ነው፤ እኛ ላይ የደረሰው ገንዘብ በሚያንቀሳቅስ ሥራ ላይ ሳይታሰብበት በመቅረቱ ነው።

ስብሰባ ሲጠራ ደግሞ አይቲ «የእኛ ድርሻ ሰርቨሩ መብራቱን ማየት ነው፤ ሰርቨሩ በርቷል» ይላል። የሂሳብ ክፍል ኃላፊው «ቴክኒክ የእኛ ሥራ አይደለም» ይላሉ። ሻጩ «የሰፖርት ውላችሁ ክትትልን አያካትትም» ይላል። ሦስቱም እንደየወረቀታቸው እውነት ይናገራሉ፤ ክፍያው ግን አልተሠራም። ሰዎችን ቀንሰን ሥራውን ለማሽን ስንሰጥ፣ ሥራውን ይሠራ የነበረው ሰው የሚሸከመውን ተጠያቂነት ለማን እንደሰጠን ማንም አልጻፈም።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ሌሊት የሚሄዱት ሥራዎች በሙሉ በአንድ ወረቀት ይጻፉ፤ ከእያንዳንዱ ፊት ለፊት የአንድ ሰው ስምና የተተኪው ስም ይኑር፤ ሥራዎቹ በማንም ሠራተኛ የግል ስም ሳይሆን ለዚሁ ብቻ በተከፈተ አካውንት ይሂዱ። ማንቂያውም ስህተት ሲኖር ብቻ የሚመጣ ከሆነ አይበቃም፤ ጭራሽ ያልተነሣ ጆብ ወይም የጠፋ ሰርቨር «አልሠራሁም» ብሎ መልእክት መላክ አይችልምና። ጆቡ ሲጨርስ በየሌሊቱ ወደ ቴሌግራም ግሩፓችን «ጨርሻለሁ፣ ይህን ያህል ደረሰኝ፣ ይህን ያህል ኪሎ፣ ይህን ያህል ብር» ብሎ ይላክ። ከንጋቱ 12 ሰዓት መልእክቱ ካልመጣ ተረኛው ስልኩን ያንሣ፤ አቅራቢዎቹ መስኮቱ ጋ ሳይደርሱ በእጅ ለመሥራት ጊዜ ይኖረናል። በደረሰኝ የገባው ኪሎና በክፍያ ዝርዝሩ ላይ ያለው ኪሎ እኩል ካልሆኑም ዝርዝሩ ወደ ባንክ አይሂድ።

የሰኔ 30 መዝጊያ ሲደርስ የዓመቱ ሂሳብ በሙሉ በእነዚሁ ጆቦች ላይ ይጫናል። ከዚያ በፊት የተረኛው ስም በጽሑፍ እንዲሰጠኝ ደብዳቤዬን እንደገና አስገብቻለሁ። በጅማም ሆነ በሌላ ከተማ በሥራ ቦታችሁ ይህንን አስተካክላችሁ ከሆነ፣ በተለይ የኢትዮጵያን ወር መጨረሻ የሚያውቅ ጆብ ያሠራችሁ ካላችሁ፣ እንዴት እንዳሠራችሁት ከታች ጻፉልኝ፤ አትሜ ከደብዳቤዬ ጋር አያይዘዋለሁ።