ኮሌስትሮልና የማይረሳ መዝገብ

በእንግሊዝ አገር ዕድሜው ከ40 እስከ 74 የሆነና ቀድሞ የታወቀ የልብ ወይም የስኳር ሕመም የሌለበት ሰው በየአምስት ዓመቱ ለነጻ የጤና ምርመራ ይጠራል። ለንደን ውስጥ ለእኔ ጥሪው የደረሰኝ በስልክ መልእክት ነበር። ነርሷ ደም ወስዳ፣ ግፊቴን ለክታ፣ ዕድሜዬንና በቤተሰቤ የልብ ሕመም መኖር አለመኖሩን ኪውሪስክ በተባለው ማስሊያ አስገባች፤ በመጪዎቹ 10 ዓመታት በልብ ሕመም ወይም በስትሮክ የመያዝ ዕድሌ ከመቶ 12 መሆኑንም ከኮምፒዩተሩ ላይ አሳየችኝ። ቁጥሩ 10 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ኮሌስትሮል የሚቀንሰው አቶርቫስታቲን የተባለ ክኒን እንዲጀመር ሐሳብ ይቀርባል። መድኃኒቱን ከጀመርኩ ከሦስት ወር በኋላ ደሜ ዳግም እንዲታይ መልእክት መጣልኝ፤ ቀጠሮውን ባሳልፍ ሁለተኛ ተላከልኝ።

አዲስ አበባ ስሄድ አጎቴ በፌስታል ያስቀመጧቸውን የሦስት ላቦራቶሪዎች ወረቀቶች አሳዩኝ። በመጀመሪያው ላይ ኮሌስትሮላቸው ከፍ ብሎ ተከብቦበታል፤ በሁለተኛው ወርዷል፤ በሦስተኛው ተመልሶ ወጥቷል። በመካከሉ «ድኛለሁ» ብለው ክኒኑን ትተው ነበር። ኮሌስትሮሉ የወረደው ክኒኑን ስለወሰዱ እንደሆነ፣ ሲያቆሙም እንደሚመለስ የነገራቸው፣ ሲቀሩም የጠራቸው አልነበረም። ሐኪሙ «ያለፈው ስንት ነበር?» ባሏቸው ቁጥር ፌስታላቸውን ይፈታሉ።

አጎቴ ገንዘብ በቴሌብር ይልካሉ፤ ስለዚህ የጎደለው ስልክ አይደለም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችንም ቤተሰብን በታብሌት መመዝገብ ከጀመሩ ሰነባብተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ያወጣው የስጋት መለኪያ ሠንጠረዥ ደግሞ ለምሥራቅ አፍሪካ የተዘጋጀ ክፍል አለው፤ ላቦራቶሪ በሌለበትም በዕድሜ፣ በጾታ፣ በደም ግፊት፣ በማጨስና በክብደትና ቁመት ምጣኔ ይሠራል። እነዚህን አገናኝቶ ክኒን ለጀመረ ሰው ከሦስት ወር በኋላ በሚገባው ቋንቋ አጭር መልእክት የሚልክ ጤና ጣቢያ ብዙ ሰው ያተርፋል ብዬ አምናለሁ።

«በሚገባው ቋንቋ» ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። እዚህ ለንደን ጎረቤቴ የሆኑ የጎንደር እናት መልእክታቸው በእንግሊዝኛ ስለሚመጣ የልጅ ልጃቸው እስኪመጣ ሳይነበብ ይቆያል።

እስከዚያው ግን ከለንደን እየደወልኩ የአጎቴን ቀጠሮ የማስታውሳቸው እኔ ነኝ።