ለዲከረንስ ማን ያዋጣለት?

ነፍሳት እያጠመዱ የሚበሉ ዕፅዋት አሉ። ከሁሉም የታወቀው ቬነስ ፍላይትራፕ ነው። በተፈጥሮ የሚበቅለው አሜሪካ ውስጥ፣ በሰሜንና በደቡብ ካሮላይና ብቻ ነው። አፈሩ በናይትሮጅን ድሃ ስለሆነ ጉድለቱን በዝንብና በጉንዳን ይሞላል። በቅጠሉ ላይ ያሉትን ቀጫጭን ፀጉሮች አንዲት ነፍሳት በ20 ሰከንድ ውስጥ ሁለቴ ከነካች፣ ቅጠሉ ክድን ይልባታል።

ይህ ነፍሳት በል ተክል ግን ራሱ ይበላል። ክሽክሽ የምትባል ትንሽ ተባይ ለጋ ቅጠሉን መጥጣ ታጣምመዋለች። ቦትራይቲስ የሚባል ግራጫ ሻጋታም ያበሰብሰዋል። መድኃኒት ልርጭ ቢሉ ለሌላ ሰብል የተሠራው ሊጎዳው ይችላል። ገበያው ትንሽ ስለሆነ ደግሞ ለእሱ ብሎ የሚደክም ኩባንያ ማግኘት ከባድ ነው። የእነዚህ ዕፅዋት ወዳጆች ግን ራሳቸው ተሰባስበዋል። ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መጽሔት የሚያሳትም ዓለም አቀፍ ማኅበር አላቸው። ብዙዎቹ አባላት ተክሉን ቤታቸው የሚያሳድጉ ተራ ሰዎች ናቸው። እንዲህ ያሉ ማኅበራት ስለ ተክሎቹ የሚደረግ ምርምርን ይደግፋሉ።

እኔን ያስቀናኝ ይኸው ነው። ለጌጥ ተክል ይህን ያህል ከተደረገ፣ ለእንጀራችን ዛፍ፣ ለከሰል ለምንተክለው የግራር ዓይነት ለዲከረንስ፣ ምን አደረግን?

የጎጃም ሰው ምን ለማለት እንደፈለግሁ ያውቃል። አዊ ውስጥ፣ በተለይ በፋግታ ለኮማ፣ እህል እምቢ ያለው አሲዳማ መሬት በዲከረንስ ሰው ሆኗል። ገበሬው ችግኙን ከጤፍ ጋር ይተክላል፤ በሁለተኛው ዓመት ሣር ያጭዳል፤ በአራት በአምስት ዓመት ከሰል ያወጣል። ከዚያ በሽታ ገባ። እንደ ስንዴው ዋግ ያለ ፈንገስ ነው። ቅጠሉ ላይ ቡናማ ነገር ይወጣል፣ ቅርንጫፉ ይደርቃል፣ ችግኙ ሳያድግ ይቀራል። በዛፉ ቤት የሠራ፣ ልጅ ያስተማረ ሰው ማሳውን እያየ ያዝናል።

ምርምር የመንግሥት ሥራ ነው የሚል ይኖራል። ልክ ነው፤ ግን መንግሥት ቅድሚያ የሚሰጠው ለስንዴና ለጤፍ ነው፤ በዚህም አልወቅሰውም። ዲከረንስን የሚያስቀድም ከዲከረንስ የሚበላው ነው። ገበሬው ብቻ ማለቴ አይደለም። ከሰል ነጋዴው፣ ባለ መኪናው፣ የኅብረት ሥራ ማኅበሩም አሉበት። ከየጆንያው አንዳንድ ብር ቢቀመጥ ማንንም አይጎዳም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። እድርና እቁብ ያስተዳደረ ሕዝብ ይህን አያቅተውም። ሂሳቡ ብቻ እንደ እድር መዝገብ በሰው ፊት ይነበብ።

ገንዘቡ እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ወይም አዴት የግብርና ምርምር ማዕከል ላሉ ባለሙያዎች ይሰጥ፤ ጥያቄውን ግን እኛ እናቅርብ። የመጀመሪያው ይህ ይሁን፦ ከታመመው ማሳ መሃል ጤነኛ ሆኖ የቆመ ዛፍ አለ ወይ? ካለ፣ ዘሩ ተለቅሞ ለብቻው ይፈላና ልጆቹ በሽታውን ይቋቋሙ እንደሆነ ይታይ።