ሃምሳ ሎሚና አንድ ሰርቪስ

ክርክሩ የተነሳው ደሴ ውስጥ ሁላችንም በምንወዳቸው አንዲት እናት ቤት፣ ቡናው ቶና ላይ ሲደርስ ነው። ፒያሳ አካባቢ ሕንጻ ያላቸው አንድ ነጋዴ፣ ተከራዮቻቸው «ለሠራተኞቻችን የጋራ ሰርቪስ እናቋቁም፣ እርስዎም በራስዎ ሠራተኞች በኩል ይግቡበት» የሚል ደብዳቤ እንዳስገቡላቸው አንስተው ሳቁ። ሕንጻው ላይ ባንክ አለ፣ ክሊኒክ አለ፣ ሌሎችም ቢሮዎች አሉ። ሁሉም ጠዋት በተመሳሳይ ሰዓት ይገባሉ፤ ሁሉም ለየብቻ ታክሲ ይጋፋሉ።

«እኔ ቤት አከራያለሁ እንጂ አውቶቡስ አልነዳም!» አሉ ነጋዴው። እውነቱን ለመናገር ክርክራቸው በሙሉ ይህችው ነበረች። ሌላው ሁሉ እርሷኑ በድምፅ ከፍ እያደረጉ መድገም ነው።

የቤቱ እመቤት ሲኒውን እያቀበሉ፣ «ልጄ፣ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» አሉ። ከዚያ በኋላ የተባለው ሁሉ ለእኔ የዚህ አባባል ማብራሪያ ነበር።

«የትራንስፖርት አበል እከፍላለሁ። በምን እንደሚመጣ የራሱ ጉዳይ ነው» ሲሉ ነጋዴው ቀጠሉ። ኮምቦልቻ የሚሠራ አንድ የሒሳብ ባለሙያ መለሰላቸው። «ጋሼ፣ አምስት መሥሪያ ቤት ለየብቻው ሚኒባስ ቢኮናተር አንዱም አይሞላም። ቢተባበሩ ግን አንድ አውቶቡስ ሞልቶ ይመጣል። አንዱ ቢሮ 2፡00 ሌላው 3፡00 ሰዓት ቢገባ ደግሞ ያው መኪና ሁለት ጊዜ ይመላለሳል።» ሃምሳ ሎሚ ማለት ይኸው አይደለም? አበል በየኪሱ ሲከፋፈል ነዳጅ በጨመረ ቁጥር ይቀልጣል፤ ተሰብስቦ ግን ሰርቪስ ያቋቁማል።

ጡረታ የወጡ አንድ ሾፌር ዝም ብለው ሲያዳምጡ ቆይተው ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሐረጎ መንገድ አነሱ። ለአንድ ፋብሪካ ሰርቪስ ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ነገር ግን ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከሆነ ከፍታ ወደ 1,850 ገደማ የሚያወርድ ጠመዝማዛ ነው። «ክረምት ጉም ሲወርድ ከፊትህ ያለው መኪና መብራቱ እንኳ አይታይህም» አሉ። «እኔ ሠራተኞቼን በየወንበራቸው አስቀምጬ፣ ፍሬኔን አስፈትሼ እወርዳለሁ። ከጎኔ ትርፍ የጫነ ሚኒባስ ለሌላ ምልልስ ለመድረስ እየከነፈ ያልፈኛል። እዚያ ውስጥ ያለውም ሠራተኛ ነው እኮ!»

ነጋዴው ይህን ሲሰሙ ሕግ ትዝ አላቸው። «አያችሁ? ሰርቪስ ካቋቋምኩ አደጋ ሲደርስ ተጠያቂው እኔ ነኝ!» በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪው ለሠራተኞቹ ባዘጋጀው ወይም ለዚሁ ብሎ በተከራየው መኪና ወደ ሥራ ሲሄድ ወይም ሲመለስ የተጎዳ ሠራተኛ፣ በሥራ ላይ እንደተጎዳ ይቆጠራል። በዚህስ አልተሳሳቱም። እኔን ያንገበገበኝ ግን ሕጉ ለሠራተኛው ዋስትና እንዲሆን የጻፈውን እርሳቸው የመሸሻ ምክንያት ማድረጋቸው ነው። ሰውዬው የሚሉት ሲገላለጥ፣ ሠራተኛዬ በሰው መኪና ይጎዳ፣ ከእኔ ራስ ይውረድ ነው። ይህን ንግድ ነው ብሎ የሚከራከር ሰው ቡና መጠጣቱ ራሱ ይገርመኛል።

የሒሳብ ባለሙያው አንድ የውጭ ምሳሌ ጨመረ። ካሊፎርኒያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣ ሕግ፣ ለሠራተኞቹ የመኪና ማቆሚያ ተከራይቶ በነጻ የሚሰጥ አሠሪ፣ ቦታውን ለማይፈልግ ሠራተኛ ተመጣጣኙን ገንዘብ እንዲሰጥ ያዛል። ይህን ያደረጉ ስምንት ድርጅቶች ሲጠኑ፣ መኪናውን ብቻውን እየነዳ የሚመጣው ሠራተኛ ከመቶ 76 ወደ 63 ወርዶ ተገኘ። ነጋዴው «ካሊፎርኒያና ደሴን ምን አገናኛቸው?» ብለው እንደገና ሳቁ።

የሚያገናኛቸው ማቆሚያው ነው! ደሴ በጦሳ ተራራና በአዝዋ ገደል መካከል የተጣበቀች ከተማ ናት፤ መሬቷ ውድ ነው። በዚያ ውድ መሬት ላይ መኪና ያለው በነጻ ያቆማል። በእግሩ ለሚመጣው ግን እግሩን የሚታጠብበት አንድ ቧንቧ የለም። እዚያው ቡና ላይ የነበረች የክሊኒክ ሠራተኛ ከቦርሳዋ ፌስታል አውጥታ አሳየችን። ውስጡ በጋዜጣ የተጠቀለለ ጥቁር የሥራ ጫማ አለ። በክረምት ጭቃውን በኮንጎ ጫማ ታቋርጥና ደረጃው ሥር ቆማ፣ በአንድ እግሯ ሚዛኗን ጠብቃ ትቀይራለች። ኮንጎውን የምታስቀምጥበት ስለሌለ ከነጭቃው ፌስታሉ ውስጥ ይውላል። አንድ ቁም ሳጥንና አንድ ቧንቧ፣ ለብስክሌት ደግሞ መጠለያ ያለው አንድ ጥግ ሕንጻ ያከስራል? ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ሲባል እኮ ሸክሙን ጠቅልለህ ተሸከም የተባለ የለም፤ አንዷን ሎሚ አንሳ ነው የተባለው።

የእኔ ቅሬታ ግን ከሰርቪሱም ይሰፋል። ወሎ በደቦ ያጨደ፣ በእድር የቀበረ፣ ያለ ጎረቤት ቡና ያልጠጣ አገር ነው። ዛሬ እያንዳንዱ የራሱን ጄኔሬተር ያስጮኻል፣ የራሱን ሮቶ ይሰቅላል፣ ልጁን በእግር ከሚደርስበት ትምህርት ቤት በመኪና ያደርሳል። ኑሮ ማለት ከሌላው ጋር አለመካፈል ሆነ። በእግር መምጣት እንደ ነውር ተቆጠረ፤ ለሠርግ እንኳ «በምን መጣህ?» የሚል ጥያቄ ከ«እንኳን ደህና መጣህ» ይቀድማል። የሕንጻው ዘበኛ ለመኪና በሩን ወለል አድርጎ ይከፍትና እጅ ይነሳል፤ ያችኑ በየቀኑ የሚያያትን የክሊኒክ ሠራተኛ ግን መታወቂያ ይጠይቃታል። በዘበኛው አልፈርድም፤ የታዘዘውን ነው የሚሠራው። እንዲህ ብለው ያዘዙት ሰዎች ናቸው ሰርቪስ የእኛ ጉዳይ አይደለም የሚሉን።