«የአካባቢያችሁን ብቻ አውሩ» ማለት ምን ማለት ነው?

ሰሞኑን የማህበረሰብ ሬዲዮዎችን በገንዘብ የሚደግፍ አንድ ድርጅት አዲስ መመሪያ አውጥቷል። ከእንግዲህ ድጋፉ «ለአካባቢያዊ ጉዳዮች» ብቻ ነው፤ ኪነ ጥበብ፣ ጤናና የዓለም ጉዳይ ለትልልቆቹ ጣቢያዎች ይተው ይላል። ለምን ሲባሉ አንድ ኃላፊ የመለሱት ደግሞ ይባስ ያናድዳል። «አድማጩ ስልክ በእጁ ይዟል፤ የፈለገውን ራሱ ያገኛል» አሉ።

ስልክ የያዘ ሁሉ መረጃ አለው ያለው ማን ነው? ዳታ መግዛት አለበት። ማንበብ መቻል አለበት። ያም ቢሟላ የሚያገኘው በአብዛኛው እሱ በማይናገረው ቋንቋ የተጻፈ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ነጭ ሽንኩርት ኮሮናን ይከላከላል የሚለው ወሬ ዓለምን ያዳረሰው እኮ በዚሁ በስልክ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ወጥቶ ማስተባበል ነበረበት። ስልክ በእጅ መያዝና የሚያምኑት ሰው ማግኘት ለየቅል ናቸው።

ኢቦላን አስታውሱ። እ.ኤ.አ. ከ2014 እስከ 2016 በጊኒ፣ በላይቤሪያና በሴራሊዮን ከ11,000 በላይ ሰው ጨርሷል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ከላይ የሚወርደው መልእክት «ኢቦላ ገዳይ ነው፣ መድኃኒት የለውም» የሚል ነበር። ሕዝቡ ሰማ። ሰምቶም የራሱን ሂሳብ ሠራ። መድኃኒት ከሌለው ልጄን ለማላውቃቸው ሰዎች ለምን አስረክባለሁ? እጄ ላይ ይሙት። በሽተኛ ተደበቀ፣ ሬሳ በድብቅ ታጥቦ ተቀበረ፤ በሽታው ደግሞ ከሚዛመትባቸው ዋና መንገዶች አንዱ ሬሳ መንካት ነበር። መልእክቱ ያን ጊዜ ውሸት አልነበረም። የጎደለው መልሶ መጠየቂያ ቦታ ነው። እናቴን ሳላጥብ እንዴት ልቅበራት? ወንድሜን የወሰዱት የት ነው? ይህን ከዋና ከተማ የሚነበብ ማስታወቂያ አይመልሰውም። የሚመልሰው በሰዎቹ ቋንቋ የሚያወራ፣ የቀብር ወጋቸውን የሚያውቅ፣ ነርስና የሃይማኖት አባት ስቱዲዮ አስቀምጦ የስልክ መስመር የሚከፍት፣ ከበሽታው የዳነን ሰው አምጥቶ «ይኸው፣ ድኛለሁ» የሚያሰኝ አዘጋጅ ነው።

እስቲ ይህ የአካባቢ ጉዳይ ነው፣ የጤና ነው ወይስ የዓለም? ኢቦላ ጊኒ ሲታወጅ ለላይቤሪያ ድንበር መንደሮች የውጭ ዜና ነበር። ብዙም ሳይቆይ የራሳቸው የቀብር ዜና ሆነ። ይህን በሦስት ሳጥን ከፋፍሎ አንዱን ብቻ እከፍላለሁ የሚል ሰው አንድ ቀን እንኳ ሬዲዮ ጣቢያ ውስጥ ተቀምጦ ያየ አይመስለኝም። ገበሬውም ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የዩክሬን ጦርነት ሲጀመር የማዳበሪያ ዋጋ በብዙ አገር ሰማይ ነካ። ለምን ተወደደ ብሎ ለሚጠይቅ አድማጭ አዘጋጁ «ይቅርታ፣ እሱ የዓለም ጉዳይ ነው» ይበለው?

ኪነ ጥበቡን ደግሞ ቅንጦት አድርገውታል። በቡርኪና ፋሶ እ.ኤ.አ. ከ2012 እስከ 2015 ስለ ሕፃናት ጤና የተካሄደ ሙከራ ነበር። ከ14 የአካባቢ ሬዲዮዎች 7ቱ አሰራጩ፣ 7ቱ አላሰራጩም። አጫጭር መልእክት በቀን 10 ጊዜ ያህል፣ ከዚያ ላይ በአካባቢው ቋንቋ ድራማና ከአድማጭ ጋር ውይይት። በተሰራጨባቸው አካባቢዎች ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን ለሕክምና ማምጣት በመጀመሪያው ዓመት በ35 በመቶ ጨመረ። ጥናቱ የሞት መቀነስን በቀጥታ ማሳየት አልቻለም፤ አልክድም። ግን ልጇን አዝላ ጤና ጣቢያ የሄደችው እናት የሄደችው በድራማው ውስጥ የራሷን ቤት ስለሰማች ነው ብዬ አምናለሁ፤ ደረቅ መመሪያ እንዲህ አያስነሳም።

ትልልቆቹ ይበቃሉ ለሚሉም ቦሊቪያን ልጥቀስ። እዚያ የማዕድን ሠራተኞች እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከደሞዛቸው እያዋጡ የራሳቸውን ሬዲዮ ከፈቱ። እ.ኤ.አ. በ1980 ጦሩ መፈንቅለ መንግሥት ሲያደርግ፣ የዋና ከተማው ጣቢያዎች ዝም ሲሰኙ፣ የሠራተኞቹ ሬዲዮዎች ድምፅ እየተቀባበሉ የሆነውን አወሩ፤ ወታደር ገብቶ እስኪዘጋቸው ድረስ። ያኔ የአካባቢያችሁን ብቻ የሚል መመሪያ ቢኖርባቸው ኖሮ ማን ያወራ ነበር?

በጎ ፈቃደኛ አዘጋጆች የመድኃኒት ስም እንደሚያሳስቱ፣ የውጭ ዜና ሳያጣሩ እንደሚያነቡ አውቃለሁ። ለዚህ መልሱ ሥልጠናና ሐኪም ስቱዲዮ ድረስ የሚያመጣ በጀት ነው። መመሪያው የቆረጠው ደግሞ ይህንኑ በጀት ነው። ድርጅቱ ገንዘብ አጥሮት ከሆነ አጠረኝ ይበል፤ ይገባናል። አድማጩን ሳይጠይቅ ግን ይህ ይበቃሃል አይበለው።