ገመዱን ሳትለቅ ራስህን ቻል

የእኛ የደብረ ብርሃን ወላጆች ነገር መቼም ግሩም ነው። ልጆቻችን ራሳቸውን እንዲችሉ ቆርጠን ተነሳን። ቆርጠን ስንነሳ ደግሞ እንደ ወጉ ኮሚቴ አቋቋምን። እኔም አባል ነኝ፤ ስለዚህ የምጽፈው ሐሜት ሳይሆን የዓይን ምስክርነት ነው።

ዕቅዱ የ10ኛ ክፍል ተማሪዎችን አዲስ አበባ ወስዶ «በከተማ ውስጥ ለብቻ መንቀሳቀስን» ማለማመድ ነበር። 43 ተማሪ፣ 11 አዋቂ። አንዲት እናት «ልጆቹ ራሳቸውን የሚችሉት እኛ አጠገባቸው ስንሆን ነው» ስትል አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እኔም አጨበጨብኩ።

መንገዱ 130 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ስንቁን ያየ ግን ዘመቻ ነው የሚለው። ድፎ ዳቦ፣ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ በፌስታል የታሰረ ቅቅል እንቁላል፣ ከዚያ ላይ ብርድ ልብስ። አዲስ አበባ እኮ ከእኛ ከተማ ይሞቃል ቢባል ማን ይስማ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ቅጥቅጡ ተነሳ። ሸኖ ላይ ቆጠርናቸው። አለልቱ ላይ ቆጠርናቸው። ሰንዳፋ ላይ ደግመን ቆጠርናቸው። መኪናው መሐል ላይ አንድም ቦታ አልቆመም፤ በሩም አልተከፈተም። ቢሆንም ልጅ ነው፣ አይታወቅም።

ላምበረት ስንደርስ መጫኛው ወጣ።

መጫኛው የኮሚቴው ድንቅ ፈጠራ ነው። ከገበያ የተገዛ፣ አህያ የሚጫንበት፣ ረጅም ገመድ። በየክንዱ ርቀት ቋጠሮ አለው፤ ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ቋጠሮ። አስፋልት ሲሻገሩ ሁሉም ቋጠሮውን ይዞ ይሄዳል። ጢም ያበቀለ ጎረምሳ ቋጠሮ ይዞ ሲሻገር ማየት እንዴት ልብ ያሞቃል! አንድ የታክሲ ረዳት በመስኮት ብቅ ብሎ «የት ልትጭኗቸው ነው?» አለን። አልመለስንለትም። ነፃነት ምን እንደሆነ የገባው ሰው አይደለም።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ልጅ ልንገራችሁ። ቡኒ ሹራብ የለበሰ፣ ዝምተኛ። መምህሩ የቋጠሩት ሁሉ እየተፈታ ሲያስቸግር ገመዱን ተቀብሎ 43ቱንም እንደገና ቋጠረው። እጁ ሲሠራ አላየሁትም፤ ብቻ ተቋጥሮ አገኘሁት። «የት ለመድክ?» አልኩት። «እህል ስንጭን ነዋ፣ ጋሼ» አለኝ።

አባቱ የባሶና ወራና ገበሬ ናቸው። ከከተማ የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ። ልጁ 9ኛ ክፍል ከገባ ጀምሮ ከአንድ ጓደኛው ጋር አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቶ ይኖራል። አርብ ከትምህርት በኋላ አገሩ ይሄዳል፣ እሑድ ስንቁን ተሸክሞ ይመለሳል። ሽሮውን ይሠራል፣ ልብሱን ያጥባል፣ ኪራዩን ይከፍላል። በክፍሉ እንዲህ የሚኖሩት እሱና ጓደኛው ብቻ አይደሉም። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ይላል አገሬው። እነዚህ ልጆች ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ራሳቸው ያቦኩትን ነው እራት የሚበሉት። እና ኮሚቴያችን እግዜር ይስጠው፣ ራስን መቻል ምን እንደሆነ ሊያስተምራቸው ገመድ አስያዛቸው። ቋጠሮ ቁጥር 17።

ሁለተኛው ትምህርት ባቡር ነበር። ወረቀቱ «ተማሪው ራሱ ቲኬት ቆርጦ ይሳፈራል» ይላል። መገናኛ ላይ አንድ መምህር ከሁሉም ገንዘብ ሰብስበው፣ ተሰልፈው፣ 43 ቲኬት ቆረጡ። እንዳይጠፋባቸው ብለውም ኪሳቸው ከተቱት። ተማሪዎቹ ዳር ቆመው በጥሞና ተከታተሉ። ከዚያ እየተቆጠሩ ገቡ። እኛ አዋቂዎቹ፣ ልጆቹ ለብቻቸው ይሁኑ ብለን፣ አልገባንም።

በቅጥቅጡ ተከተልናቸው እንጂ።

ባቡሩ ከ2008 ዓ.ም. መስከረም ጀምሮ ሰው ሲያመላልስ እንዲህ ያለ አጃቢ ኖሮት የሚያውቅ አይመስለኝም። 11 አዋቂ በመስኮት ተንጠልጥሎ በባቡሩ መስታወት ጭንቅላት ይቆጥራል። ሾፌሩን «ንዳው! ንዳው!» እንላለን። አንዷ እናት በስልክ «አየሁሽ! ብረቱን ያዢ! ብረቱን!» ትላለች። እኔም አላስችል አለኝ፣ ለልጄ ደወልኩ። «የት ደረስሽ?» «አባዬ፣ እያየኸኝ እኮ ነው» አለችኝ።

መንገድ ተዘጋጋና ባቡሩ ጥሎን ሄደ። ስታዲየም የደረስነው ከ20 ደቂቃ በኋላ ነው። በዚያ ሰዓት የተደረገውን ጸሎት እኔና ፈጣሪ ነን የምናውቀው። ልጆቹ ከጣቢያው ወጥተው ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ባለ ቡኒ ሹራቡ መኪና የት መቆም እንደሚችል ትራፊክ ጠይቆ፣ ለሾፌሩ ደውሎ ነግሮታል። ሌሎቹ ዳቦ ቆሎ እየተካፈሉ ይስቃሉ። ገመዱ መሬት ላይ ነበር። በጣም ተቆጣናቸው። «ማን ፈቀደላችሁ?» ብለን። በሪፖርቱም ላይ «ከቁጥጥር ውጭ የነበሩ 20 ደቂቃዎች» ተብሎ በአስተማማኝ ሁኔታ ተመዝግቧል። ለሚቀጥለው ዓመት ጉዞ ባቡሩ ከፕሮግራሙ እንዲወጣ ወስነናል።

አምስት ኪሎ፣ ብሔራዊ ሙዚየም፣ ድንቅነሽን አየን። 3.2 ሚሊዮን ዓመት። አስጎብኚው በ1999 ዓ.ም. አሜሪካ ሄዳ በ2005 ዓ.ም. እንደተመለሰች ነገሩን። «ብቻዋን?» አለች ብረት ያስያዘችው እናት። ብቻዋን ነው ለማለት ይከብዳል። እሷም አጥንቷ እየተቆጠረ ነው የሄደችው። እናትየው ተጽናናች።

ደብረ ብርሃን የገባነው ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ነው። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ወላጆች ጋቢ ይዘው በር ላይ ቆመዋል። ደንቡ ግልጽ ነው፤ ማንም ልጅ ያለ አሳዳጊ ፊርማ አይለቀቅም። እየፈረምን፣ በጋቢ እየጠቀለልን፣ እጅ እየያዝን ወሰድን። የቀሩት እነዚያ ተከራዮቹ ናቸው። አባት የሦስት ሰዓት መንገድ ላይ ናቸው፤ በዚያ ላይ ተኝተዋል። ኮሚቴው በብርድ ቆሞ ተሰበሰበ። አከራይ ይፈርሙ ተባለ። የለም፣ ደንቡ አሳዳጊ ነው የሚለው ተባለ። ነገሩ ሲረዝም ልጁ ጠጋ አለኝ።

«ጋሼ፣ ሽሮ ልጥድ ነበር። ልሂድ?»

«ትንሽ ታገስ፣ ለአንተው ደህንነት ነው» አልኩት።

«እሺ። መጫኛውን ካልፈለጋችሁትስ ልውሰደው? ለአባቴ ይሆነዋል፤ የእኛው ተበጥሷል።»

መጫኛው የኮሚቴ ንብረት ነው፤ እንዲሁ በዋዛ አይሰጥም። ተማከርን። በመጨረሻ የመረከቢያ ወረቀት አዘጋጅተን፣ ስሙን ጽፎ፣ ራሱ ፈርሞ ወሰደው። እሱን ለመልቀቅ የሚፈርም ሰው ግን ገና እየፈለግን ነበር።